መርዶ በሚስ ኦዴሳ ቤት

እንቁ እሑድ በመጣ ቁጥር ሐበሻ የማይደርስበት ቦታ ትሄድ ነበር። ሌላው ሐበሻ ቶሮንቶ ውስጥ እሑድን የሚጠብቀው ሐበሻ ለማግኘት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ወሬ ለቅሞ፣ ከአገር የመጣ ደብዳቤ ተቀብሎ ለመግባት። እሷ ግን ከሴንት ጄምስ ታውን ሕንፃዎች መሐል ሹልክ ብላ ትወጣና ባቡር ቀይራ ኤግሊንተን ዌስት ትወርዳለች። እዚያ በጃማይካዎቹ ፀጉር ቤቶች መሐል በተሸጎጠው በሚስ ኦዴሳ ምግብ ቤት በር ላይ ትሰለፋለች።

ሚስ ኦዴሳ ስድሳን የተሻገሩ፣ ባላቸውን ተከትለው ከአሜሪካ ደቡብ የመጡ ጥቁር ሴት ናቸው። እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ቁርስ ይሁን ምሳ ያልለየለት ማዕድ ያቀርባሉ። ዋፍል ከተባለ ወፍራም ቂጣ ላይ ተጭኖ ሽሮፕ የፈሰሰበት የተጠበሰ ዶሮ፣ ቢስኪት የሚሉት ትኩስ ድቡልቡል ዳቦ፣ እስኪልም የተቀቀለ ጎመን። ዶሮ ላይ ጣፋጭ ይፈስሳል ብለው በልጅነቷ ቢነግሯት እንቁ በሳቅ ትሞት ነበር። አሁን ሳምንቱን ሙሉ፣ በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ አልጋ ስታነጥፍ የምታስበው እሱን ነው።

ሐበሻን የምትሸሸው ጠልታ አይደለም። ሐበሻ በተዋወቀ በሁለተኛው ደቂቃ «የማን ልጅ ነሽ? አገርሽስ የት ነው?» ይላል። በክፋት አይደለም፤ ዘመድ ብንሆንስ ብሎ ነው። እንቁ ደግሞ ለዚህች ጥያቄ ሁለት መልስ ነበራት፤ አንዱ እውነት፣ አንዱ ወረቀት ላይ የሰፈረ።

ወረቀቱ «ጸሐይወርቅ ካሳዬ» ይላል። ጸሐይወርቅ ካሳዬ ግን ገዳሪፍ፣ የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ በወባ ከሞተች ወደ ስምንት ዓመት ይጠጋታል። ለካናዳ ቃለ መጠይቋን አልፋ፣ ከአክስቷ ከወይዘሮ ቦጋለች ጋር ተራ ስትጠብቅ ነው ወባው የጣላት። ፎቶግራፍ ገና አልተነሣችም ነበር። እንቁ በሰባ ሰባቱ ድርቅ እናት አባቷን አጥታ ብቻዋን ሱዳን የገባች፣ ጎናቸው ባለ ድንኳን የምታድር የሟቿ የልብ ጓደኛ ነበረች። ወይዘሮ ቦጋለች የእኅታቸውን ልጅ በቀበሩ በሦስተኛው ቀን ጠሯትና «እሷስ ሄደች። ቦታዋ ባዶውን ከሚቀር አንቺ ነፍስሽን አውጪበት» አሏት። አወጣችበት።

ከዚያ ወዲህ ጸሐይወርቅ ወረቀት ላይ በሕይወት አለች። በሕይወት ላለ ሰው ደግሞ አይለቀስም፤ ፍትሐት አይደረግም፤ ተዝካር አይወጣም። ወይዘሮ ቦጋለች የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ወትፈው፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ አለቀሱና «ሆድ ይፍጀው» አሉ። ይኸው ሆድ ፈጀው።

ስለዚህ እንቁ በገዛ ስሟ የምትጠራው ሁለት ቦታ ብቻ ሆነ፤ ቤቷ በር ዘግታ ከወይዘሮ ቦጋለች ጋር፣ እሑድ ደግሞ ሚስ ኦዴሳ ቤት።

ሚስ ኦዴሳ ቤት እሑድ ቀን ብቻውን ጠረጴዛ የሚይዝ ሰው የለም። ወረፋው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይደርሳል፤ ቤቱ ግን ጠባብ ነው። ብቻውን የመጣ ብቻውን ከመጣ ሰው ጋር ይቀመጣል። ያልወደደ በሌላ ቀን ይምጣ ነው ሕጉ። በፈረንጆቹ አሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አምስት፣ መስከረም ላይ፣ ይህ ሕግ እንቁን ቡናማ ጃኬት ከለበሰ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ካለበት ቀጭን ሰው ፊት ለፊት አስቀመጣት።

«ሐበሻ ነሽ አይደል?» አላት ገና ሳይደላደል።

ዐይኗን ከሜኑው ላይ ሳታነሣ «ነኝ» አለች፤ ያቺን ጥያቄ ስትጠብቅ ትከሻዋ ተሸማቀቀ።

ሰውየው ግን የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቃትም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄን ነጭ ነገር ታውቂዋለሽ?» አላት። «ባለፈው ገንፎ መስሎኝ አዝዤ፣ ቅቤና በርበሬ ፈልጌ ዌይትሬሷን አስቸገርኳት።»

«የበቆሎ ነው። ግሪትስ ይሉታል።»

«ደኅና ነገር ነው?»

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» አለችና ራሷ ደነገጠች። ተረት ከአፏ ከወጣ ዘመን የለውም።

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከሰውነቱ ይበልጥ ነበር። ዓለማየሁ እባላለሁ አላት፤ ሬክስዴል፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ፋብሪካ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ ያሽጋል። «አምስት ቀን ሙሉ ለሰው ሳሽግ ከርሜ፣ እሑድን እንኳ ሰው አብስሎ ያቅርብልኝ ብዬ ነው የምመጣው።»

«እንቁ» አለችው። እውነተኛ ስሟን ለሐበሻ ስትሰጥ የመጀመሪያዋ ነበር። እንደ ሰረቀችው ነገር ፈራችበት።

በሚቀጥለው እሑድ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ወረፋው ደርሶት እንኳ አልገባም ነበር። «ከእሷ ጋር ነኝ» አላቸው ሚስ ኦዴሳን፤ እሳቸውም ከመነጽራቸው በላይ አይተውት የወረፋ ደብተራቸው ላይ ከእሷ ጋር ጻፉት።

የዚያን ዕለት ጎመኑን ሁለቴ ጎርሶ ሹካውን አስቀመጠ። «እንቁዬ፣ እዚህ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«የአሳማ እግር ነው ይላሉ።»

«እና ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?»

«ሲጣፍጥህ እያየሁ እንዴት ልጨክን?» ብላ ሳቀች። ሚስ ኦዴሳ ሹካው መቀመጡን ከምድጃቸው ሆነው አይተው ኖሮ ከተፍ አሉ። ዓለማየሁ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ሃይማኖታችን አሳማ አይፈቅድም ብሎ አስረዳ። እሳቸውም «ያለ አሳማ የተቀቀለ ጎመን! እናቴ ብትሰማ ከመቃብሯ ትነሣ ነበር» ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። በሳምንቱ ግን ሳይጠየቁ በቱርክ ዶሮ ሥጋ የተቀቀለ ጎመን በትንሽ ድስት መጣ። ኅዳር ላይ የነቢያት ጾም ገብቶ ቱርኩንም አንበላም ሲሏቸው «አሁንስ ምን ቀራችሁ? ውሃውን ብቻ ልቀቅልላችሁ?» አሉ። ጎመኑን ግን ቀቀሉላቸው፤ በሽንኩርትና በዘይት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስነግራችሁ ነገሩ ደስታ ብቻ ይመስላል። አልነበረም። በሦስተኛው እሑድ እንቁ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ልጅ ሆኜ አዘዞ ከሾላ ዛፍ ላይ ወድቄ ነው።»

ክው አለች። ዓለማየሁ የሚባል፣ አዘዞ ከሾላ ላይ የወደቀ፣ ሲስቅ ጎረቤት የሚሰማው ልጅ ታውቃለች። ገዳሪፍ ድንኳን ውስጥ፣ ሙቀቱ እንቅልፍ በነሳቸው ጊዜ፣ ጸሐይወርቅ ከእሱ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

እሱም ሳትጠይቀው ቀጠለ። «የምፈልጋት ልጅ አለች። ልንጋባ ቃል ተገባብተን ነበር። እኔን ብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ወሰዱኝ፤ አባቷ ሲታሰር እሷ ከአክስቷ ጋር ሱዳን ገባች አሉኝ። ከጦሩ ጠፍቼ ኬንያ ገባሁ፣ ከዚያ ወዲህ ያልጠየቅኩት ሰው፣ ያልጻፍኩበት ቦታ የለም። ጸሐይወርቅ ትባላለች።» ቀና ብሎ አያት። «ምን ትያለሽ?»

«ምን ልበል?»

«አግኛት በይኝ።»

«እግዜር ያገናኛችሁ» አለች፤ ድምፁ የእሷ አልመስላት አለ።

መንገር ነበረባት። መንገር እንዳለባት በዚያች ደቂቃም ታውቅ ነበር። ግን አገራችን መርዶ ወግ አለው፤ በማለዳ፣ በቤቱ፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው እንጂ ሰው ማዕድ ቀርቦ ሲጎርስ አይረዳም። እንቁ ይህን ወግ ሰበብ አደረገችው። ደግሞም ወይዘሮ ቦጋለችን «ለማንም ትንፍሽ አልልም» ብላ በመስቀል ምላላቸዋለች፤ ወረቀቱ ከታወቀ ሁለቱንም ከዚህ አገር ይጠርጓቸዋል። ሰበብ ሞልቷል። ከሁሉም በታች ያለው ግን ሌላ ነው፤ በሚቀጥለው እሑድ እንዲመጣ ፈለገች።

መጣም። ጥቅምትም ኅዳርም እሑድ ሳይቀር መጣ። በልተው ሲጨርሱ ሰውን ላለማስጠበቅ ቶሎ ይነሡና እስከ ባቡር ጣቢያው በእግር ያዘግማሉ። አንድ ቀን የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል እጇን ብብቷ ስር ስትደብቅ አይቶ ጓንቱን አወለቀና ሰጣት። ሰጣትና የራሱን እጅ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ።

«እጅሽን ብይዝ ደስ ይለኝ ነበር» አላት፣ ፊቱን ወደ መኪናው መንገድ አዙሮ። «ግን ቃል አለብኝ። የጠፉ ሰዎችን ለሚያፈላልግ ድርጅት አመልክቻለሁ። ሞታም ከሆነ ልወቅ፤ አግብታም ከሆነ ትንገረኝና ነፃ ልውጣ። እንዲህ ሆኜ አንቺን መያዝ አንቺንም እሷንም መናቅ ነው።»

እንቁ በዚያች ደቂቃ ወደደችው። ቀድሞም ትወደው ይሆናል፤ ግን ለራሷ የነገረችው ያን ጊዜ ነው። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ የሚጠብቀው ደግሞ ለአፈር ነው። ባቡሩ ውስጥ ጓንቱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ እስከ ቤቷ አለቀሰች።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ለጸሐይወርቅ ካሳዬ ደብዳቤ መጣ።

ወይዘሮ ቦጋለች ፖስታውን የመንግሥት ነገር መስሏቸው ሳይከፍቱ ሰጧት። ከአፈላላጊው ድርጅት ነው። ዓለማየሁ የሚባል ሰው ይፈልግሻል፤ ያለ ፈቃድሽ አድራሻሽን አንሰጥም፤ ከታች ካሉት ሁለት ሣጥኖች በአንዱ ምልክት አድርገሽ መልሺልን ይላል። አንደኛው ሣጥን «አድራሻዬን ስጡልኝ»፣ ሁለተኛው «መገናኘት አልፈልግም» ነው።

«ያ የአዘዞው ልጅ!» አሉ ወይዘሮ ቦጋለች፤ ፍራሹ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔን ድፍት ያርገኝ፤ እስከ ዛሬ ይፈልጋታል?»

«ይፈልጋታል እትዬ።»

«አልፈልግም በይ። ሌላ ምን ይባላል? ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ የት ልግባ?»

እንቁ ቆይታ ጥፋቱን በእሳቸው ላይ ለመለጠፍ ሞክራለች። አልለጠፍ አላት። እሳቸው የፈሩት ለወረቀታቸው ነው። እሷ እስክሪብቶውን ስታነሣ ወረቀቱ ትዝም አላላትም። አልፈልግም የሚለው መልስ ሲደርሰው ነፃ እንደሚወጣ፣ ነፃ ሲወጣ ደግሞ ወዴት እንደሚመጣ ነበር የምታስበው። ሁለተኛው ሣጥን ላይ ምልክት አደረገች፤ ከስሩም በሟቿ ስም ፈረመች።

ከዚያ በኋላ ሦስት እሑድ ዓለማየሁ አልመጣም። ሚስ ኦዴሳ ማንን አጠገቧ እንደሚያስቀምጡ እየጨነቃቸው፣ አንዴ ሽማግሌ፣ አንዴ የነርስ ተማሪ አስቀመጡላት። ጎመኑ በትንሹ ድስት እየመጣ ሳይነካ ተመለሰ።

ገና ባለፈ በሳምንቱ ገባ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ከረባት አስሮ፣ ዐይኑ ግን ከጉድጓድ የሚያይ ይመስል ነበር። ተቀመጠ፤ የጾሙም ፍቺ ነውና ለሁለቱም ዶሮ አዘዘ።

«አለች» አላት።

እንቁ የውሃ ብርጭቆውን ወደ እሱ አስጠጋችለት።

«በሕይወት አለች። እዚሁ አገር ናት፤ ከእኔ ስድስት ዓመት ቀድማ ነው የገባችው። መገናኘት አልፈልግም ብላ ፈርማ መለሰች።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ዘጠኝ ዓመት! ለእሷ ብዬ ስንቱን ገፋሁ። ሞተች ብለው ቢነግሩኝ ይሻለኝ ነበር፤ አለቅስና ይወጣልኝ ነበር። አሁን ምን ብዬ ላልቅስ?»

«ዓለማየሁ …»

«ቆይ ልጨርስ። አንቺ ጋ ሳልመጣ ወር ሙሉ ያሰብኩት ነው። ከእንግዲህ ለእኔ ሞታለች። አንቺ እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጪ ነው ሰው የሆንኩት። እትዬ የምትያቸውን ሴትዮ አሳዪኝ፤ የቤት ጓደኛዬን ዘመድኩንን እና አንድ ሁለት ሽማግሌ ይዤ በወጉ ልጠይቅሽ። እሺ ትይኛለሽ?»

ይህንኑ ነበር በባቡር ውስጥ፣ በአልጋ ማንጠፉ፣ በእንቅልፏም ስትመኘው የከረመችው። ይኸው በሳህን ቀረበላት። እሺ ለማለት አፏን ከፈተች። እውነቱን ለመናገር፣ ሊወጣ የነበረው እሺ ነው።

እሱ ግን ምሬቱ አልወጣለትም ነበር። ሹካውን ጨብጦ «እኔማ ታማኝ መስላኝ!» አለ። «ፈረንጅ አግኝታ ይሆናል። ድሮም ልቧ ቀላል ነበር መሰለኝ። አፈር ትብላ!»

እንቁ ጆሮዋ ጭው አለ። ገዳሪፍ አሸዋው ላይ የተኛችው ልጅ ታየቻት፤ የራሷን የዕርዳታ ዱቄት ግማሹን ለጎረቤቷ የምትሰፍር፣ በመጨረሻው ቀን ትኩሳት እያንቀጠቀጣት እጇን የያዘች። ምን እንዳለቻትም ትዝ አላት።

«አትራገም» አለችው።

«ለምን አልራገም?»

«አፈሩንማ ከበላች ስምንት ዓመቷ ነው።»

አልገባውም። እንቁ ሁለቱን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ጸሐይወርቅ ሞታለች ዓለማየሁ። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ላይ፣ ገዳሪፍ። በወባ። አጠገቧ ነበርኩ።»

ዓለማየሁ ቀስ ብሎ ሹካውን ዶሮው ላይ አስቀመጠ። ከኋላቸው ሰው ይስቃል፤ ራዲዮኑ ይዘፍናል፤ ሕፃን ሽሮፕ ካልጨመራችሁልኝ ብሎ ያለቅሳል።

«ማን አለቀሰላት?» አለ በመጨረሻ።

«ማንም።»

ተነሣ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «ወይኔ ጸሐዬ!» አለና ደረቱን መታ። «ወይኔ እኅቴ! ወይኔ የሰው አገር አፈር የበላት!» ሠላሳ ሰው በሞላበት ቤት፣ በእሑድ ማዕድ መሐል፣ ልክ አዘዞ ድንኳን የተጣለለት ይመስል ጮኸ። አንድ ሰው ጠብ መስሎት ሊገላግል ተነሣ።

ሚስ ኦዴሳ ራዲዮኑን አጥፍተው መጡ። እንቁን «ማን ነው የሞተው?» አሏት።

«እጮኛው። ድሮ ነው የሞተችው፤ አሁን ነው የሰማው።»

እንዴት ብለው አልጠየቁም። ሽርጣቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣሉና ያን ቀጭን ሰው አቅፈው ያዙት፤ በጎርናና ድምፃቸውም የቤተ ክርስቲያን ዜማ ማንጎራጎር ጀመሩ። የጎኑ ጠረጴዛ ላይ የነበሩ ባርኔጣ የደፉ ሁለት ጃማይካዊ እናቶች ተቀበሏቸው። ለቅሶ ያውቁበታል። እንቁም ከስምንት ዓመት በኋላ፣ አፏን ሳትይዝ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ሲበርድለት ተቀመጠ። ሰውም ዐይኑን እየሰበረ ወደ ምግቡ ተመለሰ። ዓለማየሁ ፊቱን በናፕኪን ጠረገና አሰበ፤ ሲያስብ አየችው። የፈራችው ያቺን ደቂቃ ነበር።

«ታዲያ አልፈልግም ብላ የፈረመችው ማን ናት?»

የጤና ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች። ስሙን አነበበ። እንደገና አነበበ።

«በእሷ ወረቀት ነው የመጣሁት» አለችው። «ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ማን እንደሆንክ አውቅ ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ ያን ሣጥን የሞላሁት እኔ ነኝ። ፈርቼ አይደለም። ወድጄህ ነው።» ካርዱ ላይ ያለውን ስም በጣቷ ነካች። «የላከችብኝ መልእክትም ነበር። ‹ካገኘሽው አልጠበቀችኝም እንዳይል፤ ጠብቄዋለሁ በይው› ብላኛለች።»

ዓለማየሁ ካርዱን ወደ እሷ መለሰ፤ በአንድ ጣቱ፣ ቀስ አድርጎ። ከዚያ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ወደ ብርዱ ወጣ።

እንቁ ጃኬቱን ታቅፋ ቤቷ ገባችና ለወይዘሮ ቦጋለች ሁሉንም ተናገረች። ይቆጡኛል፣ ይረግሙኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አወረዱና «ልጄን! የእኅቴን ልጅ!» ብለው በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የስምንት ዓመቱ ሁሉ መጣ። አሥራ ሁለተኛው ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ብርቅዬ ጩኸቱን ከሰዎች ሰምተው ሮጠው ወጡ፤ እሳቸውን ተከትሎ ሌላው ሰው መጣ። ወይዘሮ ቦጋለችም ለመጣው ሁሉ «ገዳሪፍ የቀረችው የእኅቴ ልጅ» አሉ እንጂ ስም አልጠሩም።

በማግሥቱ ወደ ካህኑ ሄዱ። ለጸሎቱ የጠየቁት የክርስትና ስሟን ብቻ ነበር። ወለተ ጽዮን አሏቸው። የወረቀቱን ስም የጠየቀ፣ ያነሣም የለም።

«ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ቦጋለች ሲመለሱ፣ አውቶቡሱ ውስጥ። «እኛ ነን እንጂ የከለከልናት።»

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተዝካሯ ወጣ። አፓርታማው ጢም ብሎ ሞላ፤ ጫማው ኮሪደሩ ድረስ ተደረደረ። ዓለማየሁ ከዘመድኩን ጋር መጣ። ጥቁር ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ወንዶቹ መሐል ተቀመጠ። እንቁ ስታስታጥበው እጁን ዘረጋላት፤ ፊቷን ግን አላያትም። በላ፤ ነፍስ ይማር አለ። ሊሄድ ሲል የወይዘሮ ቦጋለችን ጉልበት ሳመ፤ እሳቸውም ጭንቅላቱን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም።

እንቁ ጃኬቱን ይዛ አሳንሰሩ ድረስ ተከተለችው። ዘመድኩን ነገሩ ገብቶት በደረጃው ወረደ።

«ካልጋሪ ልሄድ ነው» አላት ጃኬቱን እየተቀበለ። «ሥራ አለ ብለውኛል።»

«ይቅር በለኝ።»

«ስለ ወረቀቱ አልተቀየምኩሽም። ነፍስሽን አወጣሽበት፤ እሷም ብትኖር ውሰጂው ነበር የምትልሽ።»

«ስለ ዝምታዬስ?»

«እሱንም እችለዋለሁ። እኔም እኮ እሑድ እሑድ እየሳቅኩ ፍለጋውን እየረሳሁት ነበር።» የአሳንሰሩን ቁልፍ ተጫነ፤ ሳያስፈልግ ደግሞ ተጫነው። «ግን ጠብቄዋለሁ ብላ የሞተችን ልጅ ከዳችኝ አሰኘሽኝ። አፈር ትብላ አልኳት። ሙት አስረገምሽኝ እንቁ። አንቺን ባየሁ ቁጥር ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ ነው የምሰማው።»

«አልወደድከኝም ነበር?»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ዐይኑ ውስጥ ያየችው ነገር አልወደድኩሽም ቢላት ከሚጎዳት በላይ ጎዳት።

«ወድጄሽማ ነው የምሄደው» አላት። አሳንሰሩ መጣና ገባ፤ በሩ ተዘጋ።

ተመልሳ ገባች። ከበሩ ጥግ፣ ከተቆለሉት ጫማዎች አጠገብ ቁጭ ብላ ሳግ እስኪይዛት አለቀሰች። ወይዘሮ ብርቅዬ አዩዋት፤ አጎንብሰው ትከሻዋን አቀፉ። ሌሎቹም ሴቶች እየመጡ ከበቧት፤ ለሟች ጓደኛዋ የምታለቅስ ነበር የመሰላቸው።

«ይብቃሽ ልጄ» አሏት ወይዘሮ ብርቅዬ። «የሞተ አይመለስም። ቁርጥሽን እወቂ።»

እንቁ «እሺ» አለች። የማይመለሰው ሰው ገና እታች፣ የሬክስዴሉን አውቶቡስ ሊይዝ በረዶው ላይ እየሄደ መሆኑን ለማን ትንገር።